ከቄራ እስከ ማሕፀን፦ የጆርጅ ዋሽንግተን ኮርነር ሕይወት

በዚህ ሴሚስተር እኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የአንድ የታወቀና ከሞተ የቆየ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ ታዘናል። የሰውየውን ንግግር መጥቀስ አይፈቀድም፤ ኑሮውንና ሥራውን በራሳችን ቃል መተረክ ነው ያለብን። ጓደኞቼ ንጉሥም፣ ደራሲም፣ አርበኛም፣ ድምፃዊም መረጡ። እኔ የመረጥኩት አንድ አሜሪካዊ የአናቶሚ ሊቅ ነው። ስሙ ጆርጅ ዋሽንግተን ኮርነር ይባላል። የዕድሜውን ብዙ ክፍል ያሳለፈው ከቄራ በሚመጣ የሴት አሳማ ኦቫሪ ላይ አጎንብሶ ነው። ይህን ስናገር ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ይቆየን። ይህ ሰው ከአንድ ተማሪው ጋር ሆኖ የእርግዝና ጠባቂ የሚባለውን ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮንን፣ ከኦቫሪ አውጥቶ ሥራውን ያሳየ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁላችሁ፣ እኔም ጭምር፣ በእናታችን ማሕፀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የዘለቅነው በዚሁ ሆርሞን ነው። ታዲያ የሰውየውን ሕይወት ማወቅ ያንስብናል? በነገራችን ላይ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ለምን እሱን መረጥኩ?

አክስቴ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱንም በመጀመሪያዎቹ ወራት አጥታለች። የሰፈሩ ሰው ሾተላይ ነው አለ። ሌላው ዓይነ ጥላ ነው አለ። ከባድ ዕቃ አንስታ ነው ያሉም ነበሩ። በአጭሩ ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ የእሷ ሆነ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ የሆርሞን እጥረት ሊሆን እንደሚችል ነገራት። እሷም ይህችን ቃል ይዛ ቤት መጣች፤ የሚፈታላት ግን አልተገኘም። የምን ሆርሞን? የሚሠራው የት ነው? እንዲሠራ የሚያዝዘውስ ማን ነው? ስታዝዘው እምቢ የሚል አካል አለ እንዴ?

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ሆኖም አንድ ቃል ሰው ቤት ገብቶ ሳይፈታ ሲቀር የእኛም ሙያ ጉዳይ ይመስለኛል። መልሱን ለማግኘት መጽሐፍ ስገልጥ ስገልጥ ኮርነር ላይ ደረስኩ።

የባልቲሞር ልጅ

ኮርነር የተወለደው ዲሴምበር 12 ቀን 1889 በአሜሪካ የወደብ ከተማ በሆነችው በባልቲሞር ነው። እዚያው ከተማ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1909 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1913 ደግሞ የሕክምና ዶክትሬቱን አገኘ። በዚያን ዘመን የሆፕኪንስን የአናቶሚ ክፍል የሚመራው ፍራንክሊን ማል ነበር። ማል ተማሪውን በሌክቸር የማያጨናንቅ፣ ሬሳውንና መሣሪያውን ሰጥቶ ራስህ ፈልገህ አግኝ የሚል ዓይነት መምህር ነበር። ብዙ ተማሪ በዚህ አካሄድ ግራ ይጋባ ነበር። ኮርነርን ግን ሠራው። ኋላ እሱ ራሱ መምህር ሲሆን ይህንኑ ጠባይ ይዞ እናገኘዋለን።

ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት በአናቶሚ፣ አንድ ዓመት ደግሞ በሆፕኪንስ ሆስፒታል የማሕፀን ሕክምና ክፍል ሠራ። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ተከፈለበት። በአንድ በኩል ገንዘብም ክብርም ያለው የሐኪምነት ኑሮ አለ። በሌላ በኩል ፎርማሊን የሚሸት ላቦራቶሪ አለ። እሱ ላቦራቶሪውን መረጠ። በ1915 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ፣ ሄዶ በአናቶሚ ክፍል ማስተማር ጀመረ።

የአሳማው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኮርነር ሊያውቅ የፈለገው በኦቫሪና በማሕፀን ላይ በየቀኑ ምን ለውጥ እንደሚታይ ነበር። ይህን በሴት ልጅ ላይ ማጥናት አይታሰብም። ሴት አሳማ ግን በየ21 ቀኑ ገደማ የምትዞር ዑደት አላት፤ በአንድ ጊዜ ብዙ እንቁላል ትለቃለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ ቄራ ውስጥ ትታረዳለች። ስለዚህ ኦቫሪውንና ማሕፀኑን ከቄራ እያስመጣ፣ እያንዳንዱን በስስ እየቆረጠ በማይክሮስኮፕ ይመለከት ጀመር። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ዓመታት ነው የፈጀበት። በ1921 የአሳማ ኦቫሪና ማሕፀን ከቀን ወደ ቀን እንዴት አብረው እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ትልቅ ጥናት አሳተመ።

ቢጫው አካል

ወደፊት ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር መግባባት አለብን። ኦቫሪ ላይ እንቁላል የምታድግበት ውሃ ያቆረች ትንሽ ከረጢት አለች፤ ፎሊክል ትባላለች። ጊዜዋ ሲደርስ ትፈነዳና እንቁላሏን ትለቃለች። የፈነዳው ከረጢት ግን አይጣልም። የቀሩት ሴሎች ያብጣሉ፣ የደም ሥር ይዘረጋባቸዋል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ቢጫ ዕጢ ይሆናሉ። ይህ ዕጢ ኮርፐስ ሉቲየም ይባላል፤ በላቲን ቢጫ አካል ማለት ነው። ሆላንዳዊው ሐኪም ሬኒየ ደ ግራፍ በ1672 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ገልጾታል። ለምን እንደተፈጠረ ግን ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ምሥጢር ሆኖ ቆየ።

ምሥጢሩን መፍታት የጀመሩት ያኔ የጀርመን በነበረችው፣ ዛሬ ግን ፖላንድ ውስጥ ባለችው የብሬስላው ከተማ ነው። ጉስታቭ ቦርን የተባለ ሊቅ ቢጫው አካል ለፅንሱ ማሕፀኑን የሚያዘጋጅ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። ነገር ግን ሞት ቀደመው፤ በ1900 አረፈ። ሐሳቡን ለወጣቱ የማሕፀን ሐኪም ለሉድቪግ ፍራንክል አደራ ሰጥቶ ነበርና ፍራንክል ከ1901 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ሞከረው። ካረገዘች ጥንቸል ላይ ቢጫውን አካል ሲያጠፋ እርግዝናው ይቋረጣል። ብዙዎች ተጠራጠሩት። የሚያሳዝነው ይህ ሰው አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከሥራው ተባረረ፤ ወደ ደቡብ አሜሪካዋ ኡራጓይ ለመሰደድም በቃ። በ1951 ሞተ።

ኮርነር በበኩሉ በ1919 አንድ ጠቃሚ ነገር አሳየ። የአሳማ ቢጫ አካል ከአንድ ዓይነት ሴል ብቻ የተሠራ አይደለም። ከፎሊክሉ የውስጥ ሽፋን፣ ግራኑሎሳ ከሚባለው፣ የመጡ ሴሎች አሉ፤ በዙሪያው ካለው ቲካ ከሚባለው ሽፋን የመጡም አሉ። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ቤት ውስጥ ገብተው እንደመኖር ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

መምህሩና ተማሪው

በ1924 ኮርነር ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ወደምትገኘው ሮቸስተር ከተማ ሄደ። ዩኒቨርሲቲው አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት እየከፈተ ነበርና የአናቶሚ ክፍሉን እንዲመሠርት ተጠራ። በዚያም እስከ 1940 ቆየ።

የፍራንክል ነገር ከአእምሮው አልወጣም ነበር። ሙከራውን እንደገና ሠራው። ጥንቸል ከተጠቃች በኋላ ወዲያው ኦቫሪዋ ወይም ቢጫ አካሎቿ ሲወጡ ፅንሶቹ የተወሰነ ቀን ያድጋሉ፤ ማሕፀኑ ግን ስላልተሰናዳላቸው መጣበቂያ አጥተው ይሞታሉ። ይህን በ1928 አሳተመ። ፍራንክል ትክክል ነበር ማለት ነው። አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። ዕጢውን አውጥተን፣ ጭማቂውን ብቻ በመርፌ ብንሰጥ ፅንሱ ይተርፋል ወይ?

ለዚህ ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው አስፈለገ። ዊላርድ አለን የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ ነበር፤ ኬሚስትሪ ይወዳል። ኮርነር ሥራውን አካፈለው። ልብ በሉ፣ ተማሪ ነው! ዕቃ አጣቢ ሳይሆን ባልደረባ አደረገው። ሁለቱ የአሳማ ቢጫ አካል እየፈጩ፣ በትኩስ አልኮል እያጠቡ፣ ቅባታማ ጭማቂ አወጡ። ኦቫሪዋ የወጣ ጥንቸልን ለአምስት ቀን ወጓትና ማሕፀኗን ሲያዩት፣ ያረገዘች ጥንቸል ማሕፀን መስሎ ተገኘ። ውጤቱ በ1929 በሁለቱም ስም ወጣ። በ1930 ደግሞ ኦቫሪ የሌላቸው ጥንቸሎች በመርፌው ብቻ እርግዝናቸውን እስከ መጨረሻው ማድረስ እንደሚችሉ አሳዩ። የሙከራው ዘዴ የኮርነርና አለን ሙከራ ተብሎ በሳይንሱ ዓለም ታወቀ። የተማሪው ስም ከመምህሩ ስም ጎን ቀረ።

የጥንቸሎቹ እንቆቅልሽ

በመሐል ግን ጉድ መጣ። አለን ጭማቂ ሲያወጣ ይሠራል፤ ኮርነር ሲያወጣ አይሠራም። መምህሩ እኮ ነው! ያው ቄራ፣ ያው አልኮል፣ ያው መርፌ። ኮርነር እርምጃውን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ምንም ስሕተት አላገኘም። ሌላ ሰው ቢሆን የተማሪውን ውጤት በጥርጣሬ ያይ ነበር፣ ወይም ነገሩን በዝምታ ያልፈው ነበር። ኮርነር ግን ከተማሪው ጎን ቆሞ እያንዳንዱን ነገር እንደገና ማየት ጀመረ።

ለካ ችግሩ ጭማቂው ላይ አልነበረም። ኮርነር ወደ ጥንቸሎቹ ቤት ሲሄድ ሳይታወቀው ትንንሾቹን ይመርጣል። አለን ደግሞ ጎልመስ ያሉትን ያነሣል። የትንንሾቹ ማሕፀን ገና የኦቫሪ ሌላ ሆርሞን፣ ኤስትሮጅን፣ አልጎበኘውም። ፕሮጄስትሮን ይምጣ እንጂ የሚቀበለው የለም። ዛሬ ምክንያቱ በደንብ ታውቋል፤ ፕሮጄስትሮንን የሚይዙ ተቀባዮች በማሕፀን ሴሎች ውስጥ እንዲበዙ የሚያደርገው ኤስትሮጅን ነው። እርሻው ሳይታረስ ዘር ቢበተን ምን ይሆናል? እንደዚያው ነው።

እኔ ከዚህ ሰው ሕይወት ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። ሆርሞን ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ ደግሞ የሚሠራው ተቀባዩ ቦታ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ይህ ለማሕፀን ብቻ አይደለም፤ ፕሮጄስትሮን ለሚሠራበት ለኦቫሪም ያው ሕግ ነው።

የስሙ ነገር

ኮርነርና አለን ጭማቂውን ፕሮጄስቲን አሉት፤ ለእርግዝና የቆመ እንደማለት ነው። በ1934 አራት ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ንጹሑን ሆርሞን አወጡ። አንዱ የጀርመናዊው ኬሚስት የአዶልፍ ቡቴናንት ነበር። አንዱ በብሬስላው የካርል ስሎታ ቡድን፣ አንዱ የስዊዘርላንድ፣ አንዱ ደግሞ የአለንና የባልደረባው የዊንተርሽታይነር ነው። የቡቴናንት ቡድን ከ50,000 ሴት አሳማዎች ኦቫሪ ያገኘው 20 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ እንደነበር ይነገራል። ጀርመኖቹ ሌላ ስም ነበራቸው፤ ሉቴዮስቴሮን። በ1935 ለንደን ላይ የሆርሞን መለኪያዎችን ለመወሰን በተጠራ ስብሰባ ወቅት አለን፣ ቡቴናንት፣ ኮርነርና ስሎታ ተስማሙና ሁለቱን ስሞች አዳቅለው ፕሮጄስትሮን አሉት። አገር ከአገር ሊቋሰል በተቃረበበት ዘመን ሳይንቲስቶቹ በስም አልተጣሉም። ኖቤል ሽልማቱ በ1939 የተሰጠው ለቡቴናንትና ለሌላ ኬሚስት ነው፤ ኮርነር አልደረሰውም።

ታዲያ የሚያዝዘው ማን ነው?

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። ከኮርነር በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ያገኙትን ጨምሬ እንደገባኝ ላስረዳ።

ዋናው ትእዛዝ የሚመጣው ከራስ ቅል ሥር ካለችው የባቄላ ፍሬ ከምታክል ፒቱታሪ ዕጢ ነው። በዑደቱ አጋማሽ ላይ ኤል ኤች የሚባል ሆርሞን በብዛት ትለቃለች። ፎሊክሏ የምትፈነዳው፣ ወደ ቢጫ አካልነትም የምትለወጠው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላም ኤል ኤች በየጊዜው በትንሽ በትንሹ እየመጣ ሥራውን ያስቀጥላል። ኤል ኤች የሴሉን በር ሲያንኳኳ ውስጥ ሳይክሊክ ኤ ኤም ፒ የሚባል መልእክተኛ ይነሣል። በእሱ ትእዛዝ ስታር የተባለ ፕሮቲን ኮሌስትሮልን ወደ ሚቶኮንድሪያ ያስገባል። ይህ ፕሮቲን በ1994 የተለየ ነው። ኮሌስትሮሉ በሁለት ደረጃ ይለወጥና ፕሮጄስትሮን ይሆናል። አዎ፣ ሁላችንም የልብ ጠላት ብለን የምናውቀው ኮሌስትሮል የፅንስ ጠባቂ ጥሬ ዕቃ ነው።

እስካሁን ነገሩ የአለቃና የሠራተኛ ይመስላል። ግን ኦቫሪ ውስጥ የራሷ የአካባቢ አስተዳደር አለ። አንደኛ፣ እንቁላሏ ራሷ ተናጋሪ ናት። በ1970 በጥንቸል ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፎሊክሏ ውስጥ እንቁላሏ ስትወጣ የቀሩት ሴሎች ያለ ጊዜያቸው ወደ ቢጫ አካል መለወጥ ይጀምራሉ። ይህ ማለት እንቁላሏ ቆዩ፣ ገና ነው እያለች ትከለክላቸው ነበር ማለት ነው። ዛሬ እንቁላሏ የምትለቃቸው ጂ ዲ ኤፍ 9 እና ቢ ኤም ፒ 15 የሚባሉ ፕሮቲኖች በዚህ ሥራ ውስጥ እንዳሉበት ይታወቃል።

ሁለተኛ፣ የደም ሥር አለ። ፎሊክሏ ሳትፈነዳ በፊት የግራኑሎሳ ሴሎች የደም ሥር የላቸውም፤ ስለዚህ ኮሌስትሮሉ በበቂ አይደርሳቸውም። ከፈነዳች በኋላ የኦቫሪው ሴሎች ራሳቸው ደም ሥር የሚጠሩ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ መንገድ ይከፈታል፣ ጥሬ ዕቃው ይገባል። ሦስተኛ፣ ኮርነር በ1919 ያያቸው ሁለቱ ጎረቤታሞች ሥራቸው ይለያያል። በበግና በላም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከቲካ የመጡት ትንንሾቹ ሴሎች ለኤል ኤች ፈጥነው ይታዘዛሉ። ከግራኑሎሳ የመጡት ትልልቆቹ ግን ብዙም ትእዛዝ ሳይጠብቁ አብዛኛውን ፕሮጄስትሮን ያመርታሉ። እንስሳው ሲለያይ ደግሞ አስተዳደሩም ይለያያል። በጥንቸል ለምሳሌ ቢጫውን አካል በሕይወት የሚያቆየው እዚያው ኦቫሪ ውስጥ የሚሠራው ኤስትሮጅን ነው።

መጨረሻውስ? ቢጫው አካል ዕድሜው አጭር ነው፤ በሴት ልጅ 14 ቀን ገደማ። በ1923 ሊዮ ሎብ የተባለ ተመራማሪ የጊኒ አሳማን ማሕፀን ሲያወጣ ቢጫው አካል ከተለመደው በላይ ዕድሜ አገኘ። ማሕፀኑ ፕሮስታግላንዲን ኤፍ 2 አልፋ የሚባል የስንብት ደብዳቤ ይልክ ነበር ለካ! በላምና በበግም እንዲሁ ነው። በሴት ልጅ ግን ማሕፀን ቢወጣም ቢጫው አካል በጊዜው ይሞታል፤ ስንብቱ የሚወሰነው እዚያው ኦቫሪ ውስጥ ነው።

እርግዝና ሲኖር ታሪኩ ይለወጣል። ገና በዓይን የማይታይ ፅንስ ኤች ሲ ጂ የሚባል ሆርሞን ይልካል፤ በሽንት የሚደረገው የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው እሱን ነው። ኤች ሲ ጂ የኤል ኤችን በር ያንኳኳና ቢጫውን አካል ከሞት ያድነዋል። ከ7 እስከ 9 ሳምንት ባለው ጊዜ እንግዴ ልጁ ሥራውን ይረከባል። እስከዚያ ድረስ ግን ፅንሱ በዚያች ቢጫ ዕጢ እጅ ላይ ነው። ዕጢዋ በደህናው ጊዜዋ በቀን 25 ሚሊ ግራም ገደማ ፕሮጄስትሮን እንደምትሠራ ይገመታል። ቡቴናንት ከ50,000 አሳማ ያገኘውን ያህል፣ አንዲት ሴት በአንድ ቀን!

እጥረት ሲባል

እንግዲህ የሆርሞን እጥረት የሚለው ቃል ምን ያህል ብዙ ነገር እንደሚደብቅ አያችሁ። ፒቱታሪዋ በቂ ትእዛዝ ሳትልክ ቀርታ ሊሆን ይችላል። ፎሊክሏ በደንብ ሳታድግ ቀርታ ሊሆን ይችላል። ፅንሱ ራሱ ጤነኛ ሳይሆን ቀርቶ ኤች ሲ ጂ ሳይልክ ቢቀርስ? ያን ጊዜ ዝቅ ያለው ፕሮጄስትሮን ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨናገፉት ፅንሶች ብዙዎቹ የክሮሞሶም ጉድለት ያለባቸው ናቸው፤ ለዚህ ደግሞ የእናትየዋ ዕቃ ማንሣት ምንም ድርሻ የለውም። ሾተላይ ብለን የምንጠራውም ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከአር ኤች የደም ዓይነት አለመጣጣም ጋር ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በመርፌ መከላከልም ይቻላል።

ፕሮጄስትሮን መስጠትስ ይረዳል? በ2019 በእንግሊዝ አገር ከ4,000 በላይ በሆኑ፣ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ደም በታያቸው ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ታትሟል። በአጠቃላይ ሲታይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ቀደም ሲል ፅንስ ያጡ ሴቶች ግን፣ በተለይ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ያጡት፣ የተጠቀሙ መስለው ታዩ። በዚህም መነሻ በ2021 የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ ደም ለታያቸውና ቀድሞ ፅንስ ላጡ ሴቶች እንዲሰጥ መከረ። ስለዚህ መልሱ አዎም፣ አይደለምም ነው፤ ለማን፣ መቼ የሚለው ይወስነዋል። ጋዜጣ ላይ ፕሮጄስትሮን ውርጃን ያድናል ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፤ አይጠቅምም ብሎ መጻፍም እንዲሁ።

ይህ እውቀት ከእኛ አገር ኑሮም ሩቅ አይደለም። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌ የፕሮጄስትሮን ዘመድ ነው። ፒቱታሪዋን ዝም ያሰኝና እንቁላሏ እንዳትለቀቅ ያደርጋል። ፅንስ የሚጠብቀው የሆርሞን ቤተሰብ እርግዝናን ለማራራቅም ዋለ ማለት ነው። ሆርሞኑ የረከሰው ደግሞ በ1940ዎቹ ራስል ማርከር የተባለ ኬሚስት በሜክሲኮ ከሚበቅል የዱር ቦዬ ማውጣት ከጀመረ በኋላ ነው። አሳማዎቹም አረፉ።

የመጨረሻ ዘመኑ

ኮርነር በ1940 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የካርኔጊ ተቋምን የኤምብሪዮሎጂ ክፍል እስከ 1955 መራ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ብዕሩ ነው። በ1938 ለወንዶች ልጆች፣ በ1939 ለሴቶች ልጆች ስለ ጉርምስና የሚያስረዱ መጻሕፍት ጻፈ። ሰው ስለዚህ ጉዳይ በሹክሹክታ በሚያወራበት ዘመን ማለት ነው። በ1942 ስለ ሆርሞኖችና ስለ ሰው ልጅ መራባት ለማንኛውም አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አወጣ። የጥንቸሎቹን ጉድም ሳይደብቅ ተርኮታል። ከዚያም የሕክምና ታሪክ ጸሐፊ ሆነ፤ በፊላደልፊያ የአሜሪካ ፊሎሶፊካል ማኅበርንም ለብዙ ዓመታት አገለገለ። የራሱን የሕይወት ታሪክ ያሳተመው በ1981 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ቀን በአላባማ ግዛት በሀንትስቪል ከተማ በ91 ዓመቱ አረፈ።

ሐውልት ያለው ጀግና አይደለም። ጦር አልመራም፣ ዙፋን አልተቀመጠም። ነገር ግን የሴትን ማሕፀን ከእርግማንና ከሐሜት አውጥቶ ሊጠየቅ፣ ሊመረመር የሚችል ነገር ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው። ሙከራው እምቢ ሲለው ተማሪውን አልወቀሰም፤ ጥንቸሎቹን አየ። እኛም ነገ ማይክራፎንና ብዕር ስንይዝ፣ ፅንስ ያጣችን ሴት ከመውቀሳችን በፊት ትእዛዙ ከየት ተነሥቶ የት እንደቀረ እንጠይቅ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን!